ችግኙን ከሦስት ወር በኋላ ቁጠሩልን

ለአገራችን የቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ ለክልል ግብርና ቢሮዎች፣ ለዚህ ሥራ በጀት ለምትፈቅዱ ሁሉ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ?

የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከኦሪገን ነው። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬም አንድ ነው፤ ብሉቤሪ የሚባለውን ትንንሽ ሰማያዊ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ በጠርሙስ በማሳደግ፣ ማባዛት። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ የተጣራ አየር በሚነፍስበት ሳጥን ፊት እቀመጣለሁ። በግራ እጄ ወረንጦ፣ በቀኝ እጄ ስለት። ከጠርሙሱ ውስጥ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ቀንበጥ አወጣለሁ፣ በየአንጓው እቆርጣለሁ፣ ቁራጩን አዲስ ጠርሙስ ውስጥ እተክላለሁ፣ እከድናለሁ። ቀኑ እንዲህ ያልፋል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ከአገር ቤት ብዙ ወጣቶች እየጻፉልኝ ነው። «ብሉቤሪ እኛ ጋ ይሆናል ወይ? ችግኙን በቲሹ ካልቸር እዚያው ብናባዛውስ?» አንዳንዶቹ ፕሮፖዛል አዘጋጅተው፣ በዓመት ስንት ሚሊዮን ችግኝ እንደሚወጣ አስልተው ነው የሚልኩልኝ። ለየብቻ ስመልስ ከረምኩ። እየቆየሁ ሳስበው ግን መልሴ ከእነሱ ይልቅ እናንተን የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው በብሉቤሪ ቢነሳም ነገሩ የሙዝም፣ የእንሰትም፣ የድንችም ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሪፖርታችሁ ላይ «ይህን ያህል ችግኝ ተመረተ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ የምትቆጥሩት ገበሬው ማሳ ላይ ሦስት ወር ቆይቶ በሕይወት ያለውን ይሁን። ከጠርሙስ የወጣውን ብቻ ቆጥራችሁ አትዝጉት።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ያደግሁት ጉራጌ አገር፣ እንሰት መሃል ነው። አባቴ እንሰት ሲያባዛ አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን ተክል ይመርጥና ግንዱን ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ክፍል፣ ከአሚቾው መሃል፣ ማደጊያ እምብርቱን ቦርቡሮ ያወጣል። አሚቾውን ከፍግ ጋር አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ በአንዱ አሚቾ ዙሪያ ቡቃያው ይግተለተላል፤ አንዳንዴ ሃምሳ፣ አንዳንዴ ከመቶ በላይ። ልጅ ሆኜ ተአምር ይመስለኝ ነበር።

እዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን ሥልጠና ስወስድ አሠልጣኛችን የነገረችን ይህንኑ ነበር። የተክሉ ጫፍ ከሥሩ ያሉትን ቡቃያዎች አፍኖ ያስተኛቸዋል። ጫፉ ሲነሳ ወይም ሳይቶካይኒን የሚባለው ሆርሞን ሲጨመርበት የተኙት ይነቃሉ። እኔ በልቤ «ይህማ አባቴ የሚያውቀው ነው» አልኩ። ጠርሙሱ የጨመረው ንጽሕናና ፍጥነት ነው እንጂ ሐሳቡ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ «ገበሬው ቴክኖሎጂውን አይረዳም» የሚባለውን ስሰማ ደስ አይለኝም።

ብሉቤሪ ራሱ እንደ እርሻ ተክል ገና የትናንት ነው። ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ተክሉ አሲዳማ አፈር ካላገኘ እንደማይሆንለት በሙከራ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1910 አሳተመ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤተሰቧ ክራንቤሪ የሚባል ፍሬ ያለማ የነበረ፣ ኤልሳቤጥ ኋይት የምትባል ሴት ያንን አንብባ ጻፈችለት፣ አብረውም መሥራት ጀመሩ። ጫካውን የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። እሷም 16 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ የተበጀለት መለኪያ ሰጠቻቸውና ከዚህ የሚተልቅ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ላሳያት ሰው ትከፍል ነበር፤ ቁጥቋጦውንም ባገኘው ሰው ስም ትጠራዋለች። የመጀመሪያው የእርሻ ምርት እ.ኤ.አ. በ1916 ተሸጠ። ከእነዚያ የጫካ ቁጥቋጦዎች አንዱ፣ ሩበል የሚባለው፣ ዛሬም ይተከላል። የብሉቤሪ ዘር ቢዘራ እናቱን አይመስልምና ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሩበል በሙሉ የዚያ የአንዱ ቁጥቋጦ ቁራጭ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈር ላይ ማጽደቅም ይቻላል፤ ድሮም የሚሠራው እንደዚያ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ግን አዲስ ዝርያ ሲመጣና እናት ተክሉ ጥቂት ሲሆን ጊዜ ይፈጃል። ጠርሙሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከጤነኛ እናት ተክል አንድ አንጓ ይቆረጣል፣ በክሎሪን ይታጠባል፣ ምግቡ ላይ ይቀመጣል። ምግቡ ስኳር፣ ማዕድን፣ ሆርሞንና ማርጊያው አጋር ነው። በየላቦራቶሪው የታወቀው ምግብ ሙራሺጌና ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ለትምባሆ ያወጡት ነው፣ በምሕጻር ኤምኤስ የሚባለው። ለሙዝ ይስማማል። ብሉቤሪ ግን ጨው ሲበዛበት አይወድም። ሎይድና ማካውን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ለብሉቤሪ የቅርብ ዘመድ ለሆነ ቁጥቋጦ ያዘጋጁት ጨው የቀነሰ ምግብ አለ፤ ብዙ ሰው ለብሉቤሪ የሚጠቀመው እሱን ወይም የእሱን ዓይነት ነው። ሆርሞኑም ይለያል። ለሙዝ የምንጠቀመው ቤንዚል አዴኒን ብሉቤሪን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ ዚያቲን ወይም ቱአይፒ የሚባለውን ይፈልጋል፤ ዚያቲን ደግሞ ውድ ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል። እሱን ወደ 5 ዝቅ እናደርጋለን። ከዚያ በጣም ከወረደ ግን አጋሩ በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ማምከኛው፣ 121 ዲግሪ ሲቀቀል መርጋቱን ትቶ እንደ ሾርባ ይሆናል። ይህን ለወጣቶቹ የምነግራቸው «የሙዝ ላቦራቶሪ ስላለን ነገ ብሉቤሪ እንጀምራለን» የሚሉ ስላሉ ነው። እቃው አንድ ነው፤ ሙያው ግን እንደየተክሉ ይለያያል፣ አዲስ ተክል በመጣ ቁጥር እጅ እንደገና ይማራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንዱ አንጓ በስድስት ሳምንት አራት ይሆናል እንበል። በስምንተኛው ዙር፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ከአንድ አንጓ 65,536 ይደርሳል። የፕሮፖዛሉ ሚሊዮን የሚመጣው ከዚህ ነው። ወረቀት ላይ ስህተት የለበትም። ግን ሻጋታ የገባበትን ጠርሙስ፣ መብራት ጠፍቶ በሙቀት የተበላሸውን መደርደሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጠርሙስ ከወጣ በኋላ የሚሞተውን አይቆጥርም።

ጠርሙስ ውስጥ ያለ ተክል ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። የሚኖረው በተሰጠው ስኳር ነው፤ ከብርሃን የራሱን ምግብ መሥራት ገና አልለመደም። አየሩ ሁሌም እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ውሃ የሚይዘው ሰም የሳሳ ነው። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም መዘጋት አያውቁም። አጋር ውስጥ ያበቀለው ሥር ካለም አፈር ውስጥ ብዙ አይረዳውም። እንዲህ ያለውን ተክል አውጥተህ ደረቅ አየር ላይ ብታቆመው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ስለዚህ ቀስ ተብሎ ጡት ይጣላል። አጋሩ ከሥሩ ታጥቦ ይወገዳል፣ ስኳሩ ሻጋታ ይጠራልና። በስሱ አፈር ይተከላል፣ ጥላ ሥር በላስቲክ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ሳምንት ድፍን ነው። ከዚያ ላስቲኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገለጣል፣ መጀመሪያ ጠዋትና ማታ፣ ኋላም እኩለ ቀን ላይ። ብሉቤሪን እኛ ሥር ሳያወጣ ነው ከጠርሙስ የምናወጣው፤ ፒት ሞስ የሚባል እርጥብ ብስባሽ ላይ ሰክተነው ከአንድ እስከ ሁለት ወር እዚያው ሥር ይሰዳል። ያኔ ነው ችግኝ የሚባለው። እኔ ከምሠራበት ቤት ውስጥ የሥራው ግማሽ፣ የሠራተኛውም ግማሽ፣ ያለው በዚህ ማለማመጃ ቤት ነው። ጎብኚ ሲመጣ ግን ፎቶ የሚነሳው ጠርሙሱ ጋ ነው።

የወንድሜን ነገር ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ አርባ ምንጭ አካባቢ ሙዝ ያለማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ላቦራቶሪ የቲሹ ካልቸር ሙዝ ችግኝ ይከፋፈላል ተብሎ ተመዘገበ። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፤ ማሳፈር የፈለግሁት ሰው የለም። 300 ችግኝ ደረሰው። ከጠርሙስ ወጥቶ ጥቂት ቀን ብቻ የቆየ፣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ሌሊቱን በአይሱዙ ተጭኖ ያደረ ነበር። የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። የአርባ ምንጭን የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንድሜ ጉድጓዱን ከሳምንት በፊት ቆፍሮ፣ ፍግ ጨምሮ፣ ውሃ አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። በዚያው ቀን ተከለ። ማታ ቪዲዮ ላከልኝና ገና ሳየው ልቤ ወደቀ። ቅጠሉ እንደ እርጥብ ወረቀት ተኝቷል። «ጥላ አብጅለት፣ የኮባ ቅጠል አልብሰው» አልኩት። አለበሰው። በወሩ 41 ቀረ።

ከችግኙ ይልቅ ያዘንኩት በኋላ በተባለው ነው። ጎረቤቶቹ «የላቦራቶሪ ችግኝ ለእኛ አፈር አይሆንም» ብለው ደመደሙ፣ ወንድሜም አላስተባበለም፣ ምን ብሎ ያስተባብል? ወደ ድሮው፣ ከጎረቤት ማሳ ቆፍሮ መትከል ተመለሰ፤ ያ ደግሞ ትሉንም በሽታውንም ይዞ የሚመጣ ነው። ችግኙ ጥፋት የለበትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው የቆረጡት ልጆችም ጥፋት የለባቸውም። መሃል ላይ ሁለት ወር የሚጠብቀው ቤት አልነበረም፣ በቃ። መዝገቡ ላይ ግን «300 ችግኝ ተሰራጨ» ተብሎ ተዘግቷል።

እኔ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚወሰድ ቢቀየር ብዙ ነገር አብሮ ይቀየራል ብዬ አምናለሁ። ሦስት ወር የኖረው ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ማለማመጃ ቤት የሌለው ላቦራቶሪ ቤቱን በራሱ ጊዜ መሥራት ይጀምራል። ብዙ ወጪም አይጠይቅም። የእንጨት ምሰሶ፣ የጥላ መረብ፣ ላስቲክ፣ የሚረጭ ውሃ፣ እና ላስቲኩን በሰዓቱ የሚገልጥ ታማኝ ሰው ነው። በየወረዳው ችግኝ ጣቢያ አለ። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም አሉ። ላቦራቶሪው ከጠርሙስ የወጣውን ለእነሱ በቅናሽ ይስጥ፣ እነሱ አሳድገው ለገበሬው ይሽጡ፣ ክፍያውም በጸደቀው ልክ ይሁን። ላቦራቶሪ ከተማ ነው፣ ማሳው ሩቅ ነው፤ ጡት የሚጥለው ተክል የሚተከልበትን አየር እየለመደ ቢያድግ ይሻለዋል።

አሁን ስለ ሩበል፣ ስለዚያ አንድ እናት ቁጥቋጦ፣ ወዳልኩት ልመለስ። አንድ ቁጥቋጦ መቶ ሺህ ሲሆን መልካምነቱም በሽታውም መቶ ሺህ ይሆናል። ብዙ ሰው «ቲሹ ካልቸር ከሆነ ንጹሕ ነው» ይላል። እኔም ድሮ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ጠርሙሱ ሻጋታውን ያሳይሃል። ቫይረሱን ግን አያሳይህም፤ ተክሉ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያም ወራት ጠብቆ፣ ከሥሩ አካባቢ እንደ ቀጭን ወተት ደመና ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። እዚህ አካባቢ ብሉቤሪ ሾክ የሚባል በአበባ ዱቄት የሚተላለፍ ቫይረስ ስላለ እናት ተክሎቹ በየጊዜው ይመረመራሉ። ቫይረስ ከተገኘ ከጫፉ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ነጥብ ብቻ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ይህን ዘዴ ፈረንሳዮቹ ሞሬልና ማርተን ዳልያ አበባ ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው።

የእኛን ስጋት ታውቁታላችሁ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ለዓለም ካሳወቁ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። የታመመውን መንቀል፣ ቢላውን ማጽዳት፣ ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው ያለው ነገር። እኔ በየቁርጡ መሃል ስለቴን በእሳት አስነካለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዴም አልዘለልኩም። ያንን ሳደርግ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ከጓሮ ጓሮ በውሰት የሚዞረው የእንሰት ቢላ ነው። እንግዲህ እንሰት የምታባዙ ላቦራቶሪዎች፣ እናት ተክሉ መቼ ተመረመረ፣ በምን ተመረመረ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ዙር ተቆረጠ የሚለውን ከችግኙ ጋር ጽፋችሁ ስጡ። ዙሩ ሲበዛ እናቱን የማይመስል ተክል የሚወጣበት ዕድልም ስለሚጨምር ሁሌም ከአንድ አሮጌ መስመር መቁረጥ አይገባም። ገበሬው ወረቀቱን ያነባል። ካላነበበም ልጁ ታነብለታለች።

ብሉቤሪ ይሆናል ወይ ላላችሁኝ ደግሞ መልሴ ይህ ነው። ይሆን ይሆናል፣ ግን እንደምታስቡት በቀላሉ አይደለም። ተስፋው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ እዚህ ግባ የሚባል የብሉቤሪ ኤክስፖርት አልነበራትም፤ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ከዓለም ቀዳሚ ላኪዎች ተርታ ገባች። ለዚያም የረዳት ቅዝቃዜ ብዙ የማይፈልግ፣ ቢሎክሲን የመሰለ ዝርያ ነው። የሰሜኑ ዓይነት ብሉቤሪ በብርዱ ወቅት ከስምንት መቶ ሰዓት በላይ ብርድ ካላገኘ በደንብ አያብብም፤ እሱን ለእኛ አገር አታስቡት። ዝርያ ስትመርጡም ባለቤት ያለውን ያለፈቃድ ማባዛት እንደማይቻል እወቁ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ዝርያዎች ባለቤት አላቸው።

«አፈራችን አሲዳማ ነው፣ ኖራ ከምንጨምርበት ብሉቤሪ እንትከልበት» የሚል ሐሳብም ደርሶኛል። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ብሉቤሪ ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 ይወዳል። ግን የብሉቤሪ ሥር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ሌላው ተክል ያለው የሥር ፀጉር የለውም። የሚፈልገው ልል፣ አየር የሚያስገባ፣ ብስባሽ የሞላበት አፈር ነው። የእኛ ደጋ ቀይ አፈር ጭቃው የከበደ ነው፣ አሲድነቱም አሉሚኒየም ይዞ ይመጣል። አንድ ዘመዱ እኛ ጋ አለ፤ ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ የሚበቅለው አስታ ከብሉቤሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አስታ የበቀለበትን አፈር በእጃችሁ ዝገኑና ከማሳችሁ አፈር ጋር አስተያዩት። ስምጥ ሸለቆ ላላችሁት ደግሞ ነገሩ ውሃው ላይ ነው። ውሃው አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ከሆነ በመስኖ ባጠጣችሁ ቁጥር ፒኤቹ ይወጣል፣ የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ቢጫ ይሆናል፣ ብረት አጥቶ ነው። ስለዚህ በሃምሳ ተክል፣ በማሰሮ፣ ውሃችሁን ለክታችሁ ጀምሩ። ሁለት ዓመት አድርጉት። የጠርሙሱን ነገር ያኔ እናወራለን። ተክሉን ስታስገቡም የምስክር ወረቀት ያለውን፣ በጠርሙስ ያለውን አስገቡ፤ አፈር ይዞ የሚመጣ ችግኝ ያልጠራችሁትን እንግዳም ይዞ ይመጣል።

ሠራተኞቹን ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። የዚህ ሥራ ዋናው እቃ እጅ ነው። አንዲት የለመደች ልጅ በቀን የምትቆርጠውና ጀማሪዋ የምትቆርጠው አይገናኝም፤ የምታበላሸውም እንደዚያው። እጅ ለመልመድ እኔን ዓመት ፈጅቶብኛል። በኮንትራት ስድስት ወር ቀጥሮ ማሰናበት ያንን ሁሉ ሥልጠና መጣል ነው። ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንገትና ወገብ ያማል፣ ዓይን ይደክማል። ከፍ ያለ ወንበር፣ በየሁለት ሰዓቱ እረፍት፣ ቋሚ ቅጥር ስጧቸው። ውድ ኬሚካል ለማምጣት የውጭ ምንዛሪ ስታሳድዱ የምትደክሙትን ያህል ለእነሱም ድከሙ። ስኳሩማ የሱቅ ስኳርም ይሠራል።

ወንድሜን ለምኜ እንደገና አስመዝግቤዋለሁ። ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። በመጋቢት መጨረሻ ይደርሰዋል ተብሏል፤ በዚህ ጊዜ ጥላውን ከወዲሁ ሠርቶ፣ ላስቲኩን ገዝቶ ነው የሚጠብቀው፣ ቢያንስ ሁለት ወር እዚያ ሊያቆየው ቃል ገብቶልኛል። ማሳ ላይ ሦስት ወር የሚሞላው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አንድ ባለሙያ ላኩና በረድፉ መሃል እየዞረ አንድ በአንድ ይቁጠር። ያገኘውን ቁጥር፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ መዝገባችሁ ላይ 300 የሚለው አጠገብ ጻፉት። ወንድሜ ቡና አስፈልቶ ይጠብቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ከኦሪገን